ሕመሙም ከሒሳቡ ይግባ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



እኛ የሒሳብ ክፍል ሠራተኞች በጉባኤ ፊት ስንቆም የምንናገረው ስለ ገቢና ወጪ፣ ስለ ቁጠባና ብድር ነው። የዘንድሮው ሪፖርት ተባዝቶ በእጃችሁ ስላለ እርሱን መልሰን አናነበውም። ዛሬ የምንናገረው ከዚያው መዝገብ ስላገኘነው፣ ግን በየትኛውም ዓምድ ስላልተጻፈ ነገር ነው። ሆድ ተከፍቶ ከሚደረግ ቀዶ ሕክምና በኋላ ስለሚመጣው ሕመምና ስለ ማገገም ነው።

ጉዳዩ የሒሳብ ክፍል ጉዳይ የሆነው እንዲህ ነው። ከሕመም መረዳጃው ገንዘብ የወሰዱ እህቶቻችንን ምክንያት ስናይ፣ የሆድ ኦፕራሲዮን ደጋግሞ ይመጣል። በኦፕራሲዮን የወለዱ አሉ። ማዮማ የወጣላቸው፣ ማሕፀናቸው የወጣ፣ ትርፍ አንጀት ወይም የሐሞት ጠጠር የታከሙ አሉ። የሚያመጡልን ደረሰኝ የኦፕራሲዮኑን፣ የአልጋውንና የላቦራቶሪውን ዋጋ ይናገራል። ከዚያ በኋላ ያለው ግን፣ ከደጅ ፋርማሲ የተገዛው ማስታገሻ፣ የታክሲው፣ ልብስ ላጠበችው ልጅ የተከፈለው፣ ሳይሸጥ የዋለው ዕቃ፣ ብዙውን ጊዜ ደረሰኝ የለውም። ደረሰኝ የሌለው ወጪ ደግሞ በእኛ ሙያ እንዳልወጣ ይቆጠራል።

መዝገቡን ወደ ኋላ ስናገላብጥ አንድ ነገር ተደጋግሞ አየን። አንዲት እህት በታከመች በሁለተኛው ሳምንት ወደ ገበያዋ ትመለሳለች፤ የብድሯንም ክፍያ ቀኑን ሳታሳልፍ ትከፍላለች። እኛም «ጎበዝ» ብለን ምልክት እናደርጋለን። ትንሽ ቆይቶ ግን ከዚያችው እህት ሁለተኛ የሕክምና ጥያቄ ይመጣል። የተሰፋው ተከፍቷል፣ ወይም መግል ይዟል፣ ወይም ደረቷን አሟታል። ምን ሆነሽ ነው ብለን ስንጠይቅ መልሱ ከአንዷ ወደ ሌላዋ አይለይም፤ «እችለዋለሁ ብዬ ነው» ነው።

አንዲት እንጀራ ጋጋሪ እህታችን ለጋዜጣችን እንዲጻፍ ፈቅዳ የነገረችን ይህን ነው። «ማደንዘዣው ሲለቀኝ ሆዴ እንደ እሳት ነደደ። ነርሷን ልጥራት አልኩና አፈርኩ። ጎኔ የተኛችው ዝም ብላለች፣ እኔ ምን ሆንኩና አልኩ። ትንፋሼን ዋጥ እያደረግኩ ሦስት ቀን ሳልነቃነቅ ተኛሁ።» ሐኪሞቹ በኋላ የነገሯት፣ ሳንባዋ ምች የያዘው በደንብ ባለመተንፈሷና አክታዋን ስላ ባለማውጣቷ እንደሆነ ነው። ከጎኗ የነበረችው ሴትም ዝም ያለችው እርሷን እያየች እንደነበር በኋላ ተነጋግረው አወቁ።

ዛሬ ልንል የምንፈልገው አንድ ነገር ነው። ከኦፕራሲዮን በኋላ ሕመምን ማስታገስ ቅምጥልነት አይደለም፤ የሕክምናው አንድ ክፍል ነው። ስለዚህ ታማሚዋ ልትጠይቀው፣ ማኅበሩም በሒሳቡ ሊያስገባው ይገባል። እኛ ሐኪሞች አይደለንም። ከዚህ ቀጥሎ የምንለውን የጤና ነገር ከአባሎቻችን መካከል ካሉ ነርሶች ጋር ተቀምጠን አንድ በአንድ አይተነዋል። ቢሆንም ከሆስፒታል የተሰጣችሁ ወረቀት ከእኛ ቃል ይበልጣል።

ሕመም ዝም ሲባል

«ዝም አይነቅዝም» ይባላል። ለክርክርና ለጠብ እውነት ነው። ለሕመም ግን አይሠራም፤ የኦፕራሲዮን ሕመም ዝም ሲሉት ይነቅዛል።

ሆድ ሲከፈት የሚቆረጠው ቆዳ ብቻ አይደለም። ከቆዳው ሥር ስብ አለ፤ ከስቡ ሥር ጡንቻውን አቅፎ የሚይዘው ጠንካራ ሽፋን አለ፤ ከዚያ ደግሞ የሆድ ዕቃን የሚከልለው ስስ ሽፋን አለ። እነዚህን የሆድ ጡንቻዎች የምንጠቀምባቸው ከባድ ስናነሣ ብቻ አይደለም። ስንተነፍስ፣ ስናስል፣ ስንስቅ፣ ከአልጋ ስንነሣ፣ ሕፃን ለማጥባት ስንዞር ሁሉ ይሠራሉ። ስለዚህ ሕመሙ ያልታገሰላት ሴት እነዚህን ሁሉ ትተዋለች። ትንፋሿ ያጥራል፤ አክታዋ ሳንባዋ ውስጥ ይከማቻል። ከአልጋ አትወርድም፤ የእግሯ ደም በአንድ ቦታ ሲቆይ ሊረጋ ይችላል፤ የረጋውም ደም ወደ ሳንባ ከሄደ ሕይወትን ያሰጋል። አንጀቷ ሥራውን ለመጀመር ይዘገያል። እንቅልፍ ታጣለች፤ እንቅልፍ ያጣ ሰውነት ደግሞ ቁስሉን ቶሎ አይጠግንም። አራስ ከሆነች ሕፃኑን አቅፋ ማጥባት ይከብዳታል።

ያለ ማደንዘዣ ሆድ መክፈት ምን እንደነበር ታሪክ መዝግቦታል። እ.ኤ.አ. በ1809 በአሜሪካ ኬንታኪ ግዛት ጄን ቶድ ክራውፎርድ የምትባል ሴት በሆዷ ውስጥ ትልቅ ዕጢ ነበረባት። ኤፍሬም ማክዶዌል ወደሚባለው ሐኪም ወደ 100 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ በፈረስ ሄደች። ሐኪሙ በራሱ ቤት፣ ያለ ምንም ማደንዘዣ፣ 25 ደቂቃ ያህል በፈጀ ቀዶ ሕክምና 10 ኪሎ ገደማ የሚመዝነውን ዕጢ አወጣላት። እርሷም እየተቆረጠች የዳዊትን መዝሙር ትደግም ነበር ይባላል። ድና ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ ከዚያም በኋላ ከ30 ዓመት በላይ ኖረች።

ድፍረቷ የሚደነቅ ነው። ነገር ግን ጄን ክራውፎርድ ሕመሙን የቻለችው ሌላ ምርጫ ስላልነበራት ነው። ኤተር በቦስተን ከተማ በአደባባይ ለቀዶ ሕክምና ማደንዘዣ ሆኖ የታየው ከ37 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1846 ነው። እኛ ዛሬ ምርጫ አለን። ምርጫ እያለ ሕመምን መቻል ለቁስል የሚጨምረው ነገር የለም።

ማስታገሻ በምን በምን ይሰጣል

ማስታገስ የሚጀምረው ኦፕራሲዮኑ ሳይደረግ ነው። የማደንዘዣ ባለሙያው መጥቶ ሲያነጋግረን ሦስት ነገር እንንገረው። አንደኛ፣ የማይስማማን መድኃኒት እንዳለ። ሁለተኛ፣ የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት፣ የጉበት ወይም የአስም በሽታ እንዳለብን። ሦስተኛ፣ ከዚህ በፊት ማደንዘዣ ወስደን ምን እንደሆንን። ከዚያ እኛም እንጠይቀው፤ «ማደንዘዣው ሲለቀኝ ምን ይሰጠኛል?» ይህ ጥያቄ ነውር የለበትም።

በጀርባ በኩል የሚሰጠው መርፌ ከወገብ በታች ያደነዝዛል። በኦፕራሲዮን ለሚወልዱ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ይህ ነው። ድንዛዜው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይለቃል፤ ከእርሱ ጋር ትንሽ ሞርፊን ከተጨመረበት ግን ሕመሙን እስከ አንድ ቀን ሊያስታግስ ይችላል። አንዳንድ ቦታ የማደንዘዣ ባለሙያው በግራና በቀኝ የሆድ ግድግዳ ላይ ያሉትን ነርቮች በመርፌ ያደነዝዛል። ቀዶ ሐኪሙ ራሱ በሚሰፋው ቦታ ዙሪያ ማደንዘዣ የሚወጋበትም ጊዜ አለ። ለትልቅ ቀዶ ሕክምና ደግሞ በጀርባ በኩል ቀጭን ቱቦ ገብቶ መድኃኒቱ ቀስ እያለ ለቀናት እንዲሰጥ ይደረጋል። ሁሉም በሁሉም ቦታ አይገኝም፤ የትኛው እንዳለ ግን መጠየቅ ይቻላል።

በጀርባ መርፌ ከተሰጣት በኋላ ስትቀመጥ የሚብስ፣ ስትተኛ የሚቀል ራስ ምታት የያዛት ሴት ብትኖር ለሐኪም ትናገር፤ መፍትሔ አለው።

በመኝታ ክፍል የሚሰጡት ማስታገሻዎች በሦስት ቤተሰብ ይከፈላሉ። አንዱ ፓራሲታሞል ነው። ሁለተኛው እነ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉበት ነው። ሦስተኛው እነ ትራማዶል፣ ፔቲዲንና ሞርፊን ያሉበት ጠንካራው ቤተሰብ ነው። ዛሬ ሐኪሞች የሚመርጡት ከተለያየ ቤተሰብ አዋህደው መስጠትን ነው፤ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል፤ የጠንካራውም መጠን ይቀንሳል። ሄንሪክ ኬህሌት የተባሉ የዴንማርክ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ይህንን፣ ቶሎ ከመመገብና ቶሎ ከአልጋ ከመውረድ ጋር አያይዘው በአንጀት ቀዶ ታማሚዎች ላይ ሠሩበት፤ ታማሚዎቹም ቶሎ ወደ ቤታቸው መመለስ ቻሉ። የእርሳቸው መንገድ ዛሬ ለማሕፀን ቀዶና በኦፕራሲዮን ለሚወልዱም ይሠራበታል።

ትልቁ ምሥጢር ግን ሰዓት ነው። ማስታገሻ ሕመሙ ከበረታ በኋላ ሲወሰድ ለመድረስ ይዘገያል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በሰዓቱ ቢወሰድ ሕመሙ ሳይበረታ ይያዛል። ነርሷ «ከዜሮ እስከ አሥር ሕመምሽ ስንት ነው?» ብላ ብትጠይቅ፣ ጋደም ብላችሁ ያለውን ብቻ አትንገሯት። ስታስሉና ስትነሡ ያለውንም ንገሯት። ጋደም ብላ ሁለት፣ ስትነሣ ግን ስምንት የሆነባት ሴት ሕመሟ አልታገሰም፤ ምክንያቱም አትነሣም።

ቤት ስንገባ ሒሳቡን እኛው እንሥራው። ጉበቷ ጤነኛ የሆነና ክብደቷ ከ50 ኪሎ በላይ የሆነ አዋቂ ሴት፣ ባለ 500 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል በየ6 ሰዓቱ ሁለት ሁለት ፍሬ ብትወስድ በቀን 8 ፍሬ ይሆናል። ይህ 4 ግራም ነው፤ የመጨረሻው ጣሪያም እርሱ ነው። ከጠዋቱ 12፣ ቀን 6፣ ማታ 12፣ ሌሊት 6 ሰዓት ብሎ መያዝ ይቻላል። ለአምስት ቀን 40 ፍሬ ማለት ነው። ሐኪሙ ባለ 400 ሚሊ ግራም አይቡፕሮፌን በየ8 ሰዓቱ ካዘዘላት ለአምስት ቀን 15 ፍሬ ይሆናል፤ የሚወሰደውም ምግብ ከተበላ በኋላ ነው። ጨጓራ ወይም ኩላሊት ያለባት ሐኪም ሳትጠይቅ አትውሰደው። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ከአንድ ቤተሰብ ስለሆኑ ሁለቱ አብረው አይወሰዱም። ብዙ የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥም ፓራሲታሞል ስላለ ሳይታወቅ ከጣሪያው እንዳይታለፍ ማሸጊያውን እናንብብ።

ለሚያጠቡ እናቶች ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ይስማማሉ። ትራማዶልና ኮዴይን ግን በጡት ወተት አልፈው የሕፃኑን ትንፋሽ ሊያደክሙ ስለሚችሉ ለምታጠባ እናት አይመከሩም። «እያጠባሁ ነው» የሚለውን ቃል ማስታገሻ በሚሰጣት ሰው ሁሉ ፊት ትናገር። ሌላው፣ ጠንካራውን ማስታገሻ «ሱስ ያስይዛል» ብለው ሆስፒታል ውስጥ እምቢ የሚሉ አሉ። በሐኪም እጅ ለጥቂት ቀን የሚሰጥ መድኃኒት ለዚህ አያስፈራም። የሚያስፈራው የተረፈውን ትራማዶል ቤት አስቀምጦ ወገብ ባመመ ቁጥር መዋጥና ለጎረቤት ማካፈል ነው። ቡና ተጣጥተን እንደምንካፈለው መድኃኒት አንካፈል።

መድኃኒት ያልሆነ ማስታገሻ

ብር የማይጠይቅ እርዳታም አለ።

ስታስሉ፣ ስታስነጥሱ ወይም ስትስቁ ትራስ ወይም የታጠፈ ነጠላ በተሰፋው ላይ አድርጋችሁ በሁለት እጅ ደግፉ። ቁስሉ ይቀላል፤ ሳሉም ይወጣል። ነቅታችሁ ባላችሁበት ጊዜ በየሰዓቱ አምስት ወይም አሥር ጊዜ በረጅሙ ተንፍሱ።

ከአልጋ ስትነሡ በጀርባችሁ እንደተኛችሁ ቀጥ ብላችሁ አትነሡ። መጀመሪያ ጉልበታችሁን አጥፉ፤ በጎን ተንከባለሉ፤ እግራችሁን ከአልጋው አውርዱ፤ ከዚያ በክንዳችሁ ገፍታችሁ ተቀመጡ። ጥቂት ተቀምጣችሁ ራሳችሁን ካላዞራችሁ ቁሙ። የመጀመሪያው ቀን ሰው አጠገባችሁ ይቁም።

ሐኪም ከፈቀደ በታከማችሁበት ቀን ወይም በማግስቱ መራመድ ጀምሩ። እናቶቻችን «ትተኛ፣ አትነካ» ቢሉ ከፍቅር ነው፤ ግን ከአልጋ እስከ በር ደርሶ መመለስ እግርንም፣ ሳንባንም፣ አንጀትንም ያነቃል። ምግብም እንዲሁ ነው። ድሮ አየር እስኪወጣ ምንም አይቀመስም ነበር። አሁን ችግር ሳይገጥማት በኦፕራሲዮን የወለደች ሴት በጥቂት ሰዓት ውስጥ ፉት እንድትል፣ ከዚያም እንድትበላ ይፈቀድላታል። ማስቲካ ማኘክ እንኳ አንጀት ቶሎ ሥራ እንዲጀምር ይረዳል። አንጀቷ የተቀደደ ወይም የተሰፋ ከሆነ ግን የሚወስነው ሐኪሟ ነው።

ጠያቂዎችም ድርሻ አለን። አልጋውን ከብበን ስንጫወት ከማምሸት፣ «እግዚአብሔር ይማርሽ» ብለን፣ ያመጣነውን አስቀምጠን፣ የሚታጠብ ካለ አጥበን ብንወጣ እንቅልፍ ታገኛለች። «እኔ እኮ በሦስተኛው ቀን ነው እንጀራ የጋገርኩት» የሚለውን ወሬም እዚያ አናውራ።

ቤት ውስጥ ያለው ስድስት ሳምንት

የቆዳው ስፌት በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ሲደርቅ የዳንን ይመስለናል። ከሥር ያለው ጠንካራ ሽፋን ግን ለመያዝ ሳምንታት ይፈልጋል። ለዚህ ነው ከባድ ነገር ለስድስት ሳምንት ያህል አይነሣ የሚባለው። ለአራስ የሚነገረው መለኪያ ከሕፃንሽ የሚከብድ ነገር አታንሺ የሚል ነው። በእኛ ቤት ይህ ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። ቢጫው ጀሪካን ውኃ ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን ብዙውን ጊዜ 3 ኪሎ ገደማ ነው። የሊጡ ባልዲ፣ የከሰሉ ማዳበሪያ፣ ምጣዱን ማንሣት፣ ጎንበስ ብሎ ልብስ ማሸት፣ ሁሉም ከመለኪያው በላይ ናቸው። የእንጨት ጭስ ደግሞ ያስላል፤ ሳሉ ስፌቱን ይጎትታል።

ምግቧ የሚያጠግብ ብቻ ሳይሆን የሚጠግን ይሁን። እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ ካለ መልካም ነው፤ ከሌለም ምስር፣ ሽሮና ባቄላ ሥጋን የሚተኩ ናቸው። ውኃና አጥሚት ታብዛ። ጠንካራ ማስታገሻ ሆድ ያደርቃል፤ መጸዳጃ ቤት ቁጢጥ ብሎ ማማጥ ደግሞ ስፌቱን ያምመዋል። ጎመን፣ ፓፓያና በቂ ውኃ ይረዳሉ፤ ካልሆነም የሚያለሰልስ መድኃኒት ሐኪም ያዝላታል።

አንዲት ገጽ ከደብተር ቀድደን ከግድግዳ ላይ እንለጥፍ። በላይዋ ላይ ቀን፣ ሰዓት፣ የመድኃኒቱ ስም፣ ስንት ፍሬ የሚሉ አራት ዓምዶች እናስምርባት። ማንበብ የሚችል ልጅ ይሙላት። መድኃኒቱ ተወስዷል አልተወሰደም የሚለው ክርክር እዚያ ያልቃል፤ በቀጠሮ ቀንም ለሐኪሙ ይታያል።

ማስታገሻ የማይሸፍናቸው፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም የሚያስኬዱ ምልክቶች አሉ። ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ማለት። ቁስሉ መቅላት፣ ማበጥ፣ መግል ወይም መጥፎ ሽታ ማምጣት፣ መከፈት። እየቀነሰ ሊሄድ ሲገባው እየጨመረ የሚሄድ ሕመም። የሆድ መነፋት ከማስታወክ ጋር፣ አየርም አለመውጣት። የአንድ እግር ማበጥና መታመም። የደረት ውጋትና የትንፋሽ ማጠር። ለወለደችዋ ደግሞ በአንድ ሰዓት ሞዴስ የሚሞላ ደም ወይም የሚሸት ፈሳሽ። እነዚህ ሲታዩ ለነገ አይባልም።

እረፍቱን ማን ይከፍላል

ከአባሎቻችን ጥቂቶቹ ተቀጣሪዎች ናቸው። ለእነርሱ ሕጉ መልስ አለው፤ የደመወዝ ሠሪዎች ስለሆንን እናውቀዋለን። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜዋን የጨረሰች ሠራተኛ የሐኪም ማስረጃ አቅርባ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ታገኛለች። የመጀመሪያው አንድ ወር ሙሉ ደመወዝ፣ የሚቀጥሉት ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ ይከፈልባቸዋል፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ክፍያ የላቸውም። ለወለደች ደግሞ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ከሙሉ ደመወዝ ጋር ይሰጣታል። የሐኪሙን ወረቀት ሳትይዙ ከሆስፒታል አትውጡ።

እንጀራ የምትጋግረው፣ ጉልት የምትሸጠው፣ የሰው ቤት ልብስ የምታጥበው እህታችን ግን አሠሪዋ ራሷ ናት። የሕመም ፈቃዷን የሚፈርምላት የለም። በሁለተኛው ሳምንት ጀሪካን የምታነሣው ምክር ስላልሰማች አይደለም፤ የብድሩ ቀን ስለደረሰና ቤቱ ስለሚጠብቃት ነው። «አርፈሽ ተኚ» ብሎ መምከር ቀላል ነው። የምታርፍበትን ቀን የሚከፍልላት ካልተገኘ ግን ምክሩ አይፈጸምም።

ስለዚህ ከሥራ አመራር ኮሚቴው ጋር ተመካክረን ሦስት ሐሳብ ለጉባኤው እናቀርባለን።

አንደኛ፣ የሕመም መረዳጃው በሐኪም የታዘዘ ማስታገሻን፣ የቁስል ማጽጃንና የመመላለሻ ትራንስፖርትን ይሸፍን። ደረሰኝ የማይገኝለት የታክሲ ወጪ በሁለት አባላት ፊርማ ይወራረድ። ቅድም የቆጠርነው 40 ፍሬና 15 ፍሬ ለጥየቃ ይዘነው ከምንሄደው ብርቱካንና ለስላሳ ጋር የሚቀራረብ ወጪ ነው።

ሁለተኛ፣ ሆዷ ተከፍቶ የታከመች ተበዳሪ ከታከመችበት ቀን ጀምሮ ለ42 ቀናት ክፍያዋ ያለ ቅጣት ይቁምላት፤ የብድሩም ማብቂያ በዚያው 42 ቀን ይራዘም። እዚህ ላይ እውነቱን እንነጋገር። ገንዘቡ ዘግይቶ ሲመለስ ተራዋን የምትጠብቅ ሌላ እህት ትዘገያለች። ይህ በእርግጥ ዋጋ አለው። ያም ሆኖ የቆመ ክፍያ ተራዝሞ ይመለሳል፤ ቁስሏ ተከፍቶ ዳግም ሆስፒታል የገባች ሴት ግን ብድሯም፣ መረዳጃውም፣ ጤናዋም አብረው ይጎዳሉ።

ሦስተኛ፣ በየሠፈሩ አምስት አምስት ሆነን የውኃና የእንጀራ ተራ እናውጣ። አንዲት እህት ስትታከም እያንዳንዳችን በየአምስት ቀኑ አንድ ቀን ብንደርስላት ስድስቱ ሳምንት ይሞላል፤ በአንዳችን ላይ የሚወድቀው ከዘጠኝ ቀን አይበልጥም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው ለዚህ ነው። ባሎቻችንና ወንድ ልጆቻችንም ጀሪካን ማንሣት ያውቃሉ፤ ከተራው አናውጣቸው።

ለውድ ደጋፊዎቻችንም አንድ ልመና አለን። እስከ ዛሬ የምትሰጡን የሕክምና ድጋፍ የሚወራረደው በሆስፒታል ደረሰኝ ብቻ ነው። ለጥንቃቄ እንደሆነ ይገባናል፤ ጥንቃቄውም የእኛ ሥራ ነው። አሁን የምንጠይቀው ተጨማሪ ገንዘብ ሳይሆን፣ ካለው ገንዘብ ላይ «ማገገሚያ» የሚል አንድ መስመር እንድንከፍት እንድትፈቅዱልን ነው። በየሦስት ወሩ ከነማስረጃው እናቀርብላችኋለን። ቀዶ ሕክምናው ከሆስፒታል በር ላይ እንደማያልቅ እናንተም ከቤተሰባችሁ ታውቁታላችሁ።

እህቶቻችን፣ ከዚህ ስንወጣ እያንዳንዳችን ለአንዲት ጎረቤት አንድ ነገር ብንነግር ይበቃል፤ «ሲያምሽ ተናገሪ፣ በሰዓቱ ዋጪ፣ ቀስ ብለሽ ተራመጂ፣ ጀሪካኑን ለእኛ ተዪው።» ቀሪው የድምፃችሁ ነው። በሦስቱ ሐሳቦች ላይ ከሻይ እረፍት በኋላ እጅ እናወጣለን።

የታመሙትን ይማርልን።